ጨረቃዋ በስንት ሰዓት ወጣች?

አንድ ዓረፍተ ነገር ልፍጠር፦ «እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ለጋዋ ጨረቃ ከምሥራቁ ተራራ ጀርባ ብቅ አለች፤ እሱም ደብዳቤዋን አውጥቶ በብርሃኗ አነበበው።» የማንም ደራሲ አይደለም፣ አሁን እኔ የሠራሁት ነው። ግን የሆነ ቦታ ያነበባችሁት ቢመስላችሁ አይገርመኝም። የዚህ ዓረፍተ ነገር ወንድምና እህቶች በልቦለድም፣ በፊልምም፣ በዘፈን ክሊፕም ሞልተዋል። ስም አልጠራም፤ ለእናንተም ፍለጋው ደስ ይላል።

ችግሩ ምንድን ነው? ለጋ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ አትወጣም። በዚያ ሰዓት ከጠለቀች ቆይታለች፣ ያውም በምዕራብ በኩል። ለጋ ጨረቃ ስትወጣ ያየ ሰውም የለም ማለት ይቻላል፤ የምትወጣው ጧት ፀሐይን ተከትላ፣ በጠራራ ብርሃን መሃል ነው። እኛ የምናያት ማታ ስትጠልቅ ነው። ደብዳቤውን ደግሞ ተዉት፣ በዚያች ቀጭን ብርሃን ፊደል አይለይም።

«ታዲያ ምን ይሁን፣ ልቦለድ እኮ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ልቦለድ ነው። ግን በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና አንድ ነገር ያናድደኛል፦ አንዱ ከሌላው የሚሰላን ነገር ሁለት ቦታ ለየብቻ መመዝገብ። የሰውዬውን የልደት ቀን አንድ ዓምድ ላይ፣ ዕድሜውን ሌላ ዓምድ ላይ ካስቀመጥክ አንድ ቀን ሁለቱ መጣላታቸው አይቀርም። የጨረቃ መልክና የምትወጣበት ሰዓትም እንደዚያ ናቸው። ሁለት መረጃ ይመስላሉ፣ አንድ ናቸው። ደራሲው «ቀጭን ጨረቃ» ካለ ሰዓቱን ነግሮናል፤ «ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ወጣች» ካለ ቅርጿን ነግሮናል። ይህን ሳያውቅ ሁለቱንም በየፊናው ሲጽፍ፣ ገጸ ባሕርዩ የቆመበት መሬት ከእግሩ ሥር ይሸሻል።

ነገሩ ቀላል ነው። የጨረቃ ግማሽ ሁልጊዜ ፀሐይ ያበራዋል፤ እኛ ከዚያ ግማሽ ምን ያህሉን እንደምናይ የሚወስነው ጨረቃ ከፀሐይ ምን ያህል እንደራቀች ነው። ከፀሐይ አጠገብ ስትሆን ጨለማ ጎኗ ወደ እኛ ይዞራል፣ ከፀሐይ ጋር ትወጣለች፣ ከፀሐይ ጋር ትጠልቃለች። ከፀሐይ ትይዩ ስትሆን ሙሉ ፊቷ ይበራል፤ ትይዩ ስለሆነች ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ዙሩን በ29 ቀን ተኩል ትጨርሳለች።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ ይበልጥ ይመቻል። የሌሊቱን ሰዓት የምንቆጥረው ከምሽቱ ስለሆነ፣ የጨረቃዋ ዕድሜ በቀጥታ ወደ ሰዓት ይለወጣል፤ 5 ቀን ማለት በግምት 4 ሰዓት ነው። የ5 ቀን ጨረቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የ10 ቀኗ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። የ15 ቀኗ ሌሊቱን ሙሉ ቆይታ ጧት 12 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ጠላቂዋን ትተህ ወጪዋን ትቆጥራለህ፦ የ20 ቀኗ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትወጣለች፣ የ25 ቀኗ ከሌሊቱ 8። በቃ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ይሄ የጣት ሒሳብ ለንደን ላይ ከሚሠራው በተሻለ እዚህ ይሠራል። (በነገራችን ላይ «ማጭድ» የምትባለዋ ጨረቃም የሰሜን ሰው ጨረቃ ናት። እኛ ዘንድ ለጋዋ ጨረቃ ስትጠልቅ ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ ተንጋላ ነው። ማጭዱን ያመጣልን የተተረጎመ መጽሐፍና የስልክ ላይ ምስል ይመስለኛል።)

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልሂድ፤ እውነቱን ለመናገር ይሄን ሒሳብ የምወደው ስሕተት ለመልቀም ስለሚያገለግል ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ጽሑፉ ራሱ ያልተናገረውን ያናግረዋል።

እንግሊዛዊው ኮልሪጅ በጻፈው የአሮጌው መርከበኛ ረጅም ግጥም ውስጥ አንድ የታወቀ ቦታ አለ። የሙታኗ መርከብ መጥታ ትሄዳለች፤ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ጨለማው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ መርከበኞቹ በፍርሃት ይቆማሉ፤ በመጨረሻም ቀንዳም ጨረቃ ከምሥራቅ ትወጣለች፣ በታችኛው ቀንዷ ውስጥ አንድ ደማቅ ኮከብ ይዛ። ከዚያ መርከበኞቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ኮከቡን ነው፦ በቀንዶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይሆን ያልበራው የጨረቃ አካል ነው፣ ከጀርባው ኮከብ ሊታይ አይችልም። ይህ እውነት ነው፣ ግን እንደ ትችት ብዙ ርቀት አይወስድም። መርከበኛው በፍርሃት ያበደ ሰው ነው፣ ያየውን አየ።

እኔን የያዘኝ ሰዓቱ ነው። ቀንዳም ጨረቃ ከምሥራቅ የምትወጣው መቼ ነው? በወሩ መጨረሻ፣ ሊነጋ ሲል። ፀሐይ የጠለቀችው ደግሞ ጥቂት ስንኞች ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ «እስክትወጣ ድረስ» በምትለው አንዲት ማያያዣ ውስጥ ሌሊቱ በሙሉ ገብቷል ማለት ነው። ስንኙን በፍጥነት ስናነብ ጨረቃዋ ወዲያው የወጣች ይመስለናል፤ ሰማዩን ካመንነው ግን ሁለት መቶ መርከበኞች ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ያህል፣ ነፋስ በሌለበት ባሕር ላይ፣ የመሪው ፊት በፋኖስ ብርሃን ነጥቶ እያዩ ቆመዋል። ኮልሪጅ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን ለእኔ ጥያቄ አይደለም። ግጥሙ ላይ የተጻፈው ጨረቃ እንዲህ ያለች ናት፣ እና በዚህ ንባብ ግጥሙ ይበልጥ ያስፈራል።

ራይደር ሃጋርድ ግን እንዲህ ዓይነት ምሕረት የሚገባው አይመስለኝም። «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች» እ.ኤ.አ. በ1885 ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ እጅግ ተነበበ። ሦስት ነጮች በአፍሪካ መሃል ኩኩዋና የሚባል የፈጠራ አገር ይገባሉ፤ ኃይላቸውን እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ካፒቴን ጉድ የተባለው ከጓዙ ውስጥ የዘመን መቁጠሪያ ያወጣል፣ ግርዶሽ እንደሚመጣ ያነባል፣ «ብርሃኗን እናጠፋለን» ብለው ይዝታሉ። ግርዶሹ ይመጣል፣ ሕዝቡ ይንቀጠቀጣል።

በመጀመሪያው እትም ግርዶሹ የፀሐይ ነበር። ያውም ሠራዊቱ በሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከተሰለፈበት ሌሊት በማግስቱ። ይህ አይሆንም። የፀሐይ ግርዶሽ ጨረቃ በፀሐይና በእኛ መካከል ስትገባ የሚሆን ነው፣ ማለትም ጨረቃ ፈጽማ በማትታይበት ቀን። ሙሉ ጨረቃ ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ናት። በሁለቱ መካከል ሁለት ሳምንት ገደማ አለ። በአንድ ሌሊት ጨረቃዋ ሰማዩን አቋርጣ ፀሐይዋ ላይ መድረስ ነበረባት። ስሕተቱ ሲነገረው ሃጋርድ በኋላ እትሞች ላይ የፀሐዩን ግርዶሽ ወደ ጨረቃ ግርዶሽ ለወጠው፤ የጨረቃ ግርዶሽ በሙሉ ጨረቃ ቀን ብቻ ስለሚሆን ሒሳቡ ተስተካከለ።

እኛ ሙያ ላይ ይሄ «ፓች» ይባላል፦ ምልክቱ ይጠፋል፣ መንስኤው ይቀራል። የመጀመሪያውን እትም እንደገና እዩት። ታሪኩ የቆመው ነጮቹ ሰማዩን ያውቃሉ፣ ጥቁሮቹ አያውቁም በሚል ላይ ነው። ግን እዚያ ሜዳ ላይ የቆመው ሕዝብ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ማታ መንገድ መውጣቱን፣ መጨፈሩን፣ መዝመቱን የሚወስነው በጨረቃ ነው። ትናንት ማታ ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ከምሥራቅ ስትወጣ አይቷል። «ነገ ፀሐይ ትጨልማለች» ሲባል ከዚያ ሕዝብ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንኳ «ጨረቃዋ እኮ ገና ማዶ ናት» አይልም ወይ? በልቦለዱ ውስጥ ሰማዩን የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ደራሲው ነው። ይሄን የጻፈው አፍሪካን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ባልገረመኝ፤ ሃጋርድ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዓመታት የኖረ ሰው ነው። ሰማዩ ከላዩ ነበር። አላየውም፣ ወይም ከሥሩ ያሉት ሰዎች ያዩታል ብሎ አላሰበም። ፓቹም ይህን አልነካውም፦ በተስተካከለው እትም ሕዝቡ አሁንም እንደ ሕፃን ይደነግጣል።

የዚህ ትዕይንት አያት ኮሎምቦስ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 1504 ጃማይካ ላይ ምግብ የከለከሉትን የአገሩን ሰዎች በጨረቃ ግርዶሽ አስፈራራ፤ ግርዶሹን ያወቀው ይዞት ከነበረው የሥነ ፈለክ ሰንጠረዥ ነው። ታሪኩ የደረሰን ከእነሱ ወገን ብቻ መሆኑን ልብ እንበል እንጂ፣ ሰማዩ ላይ ስሕተት የለበትም፦ ሙሉ ጨረቃ ነበረች፣ ማታ ስትወጣ ጥላው ጀምሯት ነበር። ከኮሎምቦስ በኋላ የመጡት ደራሲዎች ዛቻውን ወሰዱ፣ ሰንጠረዡን ግን አላነበቡም።

ሰንጠረዡን ያነበበው ጠበቃ ነው። አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1858 ኢሊኖይ ውስጥ ዳፍ አርምስትሮንግ የተባለ በግድያ የተከሰሰ ወጣትን ወክሎ ቆመ። ዋናው ምስክር ቻርልስ አለን ነሐሴ 29 ቀን 1857፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ከሩቅ ሆኖ ድብደባውን በጨረቃ ብርሃን ማየቱን መሰከረ፤ ጨረቃዋ ከፍ ብላ ነበር አለ። ሊንከን ደጋግሞ እንዲናገረው አደረገው፤ ከዚያ የዓመቱን አልማናክ አወጣ። ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት ልትጠልቅ ዝቅ ብላ ነበር። ዳኞቹ ወጣቱን ነጻ አወጡት።

ይህንን ፍርድ ቤት እንደ ሥነ ጽሑፍ ትችት ነው የማነበው። ምስክሩ የሠራው ደራሲዎች የሚሠሩትን ነው፤ ትዕይንቱ ብርሃን ሲያስፈልገው ጨረቃ ሰቀለበት። በኋላ ሊንከን የሐሰት አልማናክ ተጠቅሟል የሚል ሐሜት ለብዙ ዓመታት ኖረ፣ ምክንያቱም በዚያ ምሽት ጨረቃዋ ከግማሽ በልጣ ስለነበር በጣት ሒሳብ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ልትቆይ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶናልድ ኦልሰንና ራስል ዶሸር የተባሉ ተመራማሪዎች አስልተው ጨረቃዋ ከእኩለ ሌሊት 4 ደቂቃ ያህል አልፋ መጥለቋን አረጋገጡ። በዚያ ዓመት ጨረቃ 18 ዓመት ተኩል በሚፈጀው ዙሯ ምክንያት ወደ ደቡብ ልትሄድ የምትችለውን ያህል ሄዳ ነበር፤ ከኢሊኖይ ሲታይ በደቡቡ ሰማይ ዝቅ ያለ አጭር ቅስት ሠርታ ቶሎ ጠለቀች። «5 ቀን 4 ሰዓት ነው» የምትለው ሒሳቤ እዚያ ትስታለች ማለት ነው። ሰው ሊሰቀል ሲል የጣት ሒሳብ አይበቃም።

ቶልኪን ለዚህ የተጨነቀ ደራሲ ነው። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን እየጻፈ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ለልጁ በላከው ደብዳቤ፣ የተለያዩት ተጓዦች የሚያዩዋት ጨረቃ እርስ በርሷ እንደተጋጨችበት፣ አንዱ አገር ስትወጣ በዚያው ሰዓት ሌላው አገር እንደምትጠልቅ ነግሮታል፤ ምዕራፎቹንም መልሶ ጽፏል። አንባቢው አያውቀውም። ግን ሁለት ቡድን በመቶ ኪሎ ሜትሮች ተራርቆ ሲጓዝ አንድ ዓለም ውስጥ እንዳሉ የሚሰማን ለዚህ ይመስለኛል፤ ከላያቸው ያለችው ጨረቃ አንዲት ናት።

እስካሁን የፈረንጅ መጽሐፍ ብቻ አወራሁ። ጨረቃ መልኳና ሰዓቷ አንድ ነገር መሆኑን በዝርዝር የጻፈ፣ ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የቀደመ መጽሐፍ ግን ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ የብርሃናት መጽሐፍ ነው። መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ ስድስት የምሥራቅና ስድስት የምዕራብ በሮችን ያሳየዋል፤ ፀሐይና ጨረቃ በነዚያ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ምዕራፍ 78 ላይ ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ በምዕራብ ስትገባ በምሥራቅ እንደምትወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ አብርታ ጧት ከፀሐይ ትይዩ እንደምትታይ ይነግረናል። ከላይ በደረቅ ቋንቋ ያልኩትን ነው።

ብዙ ሰው እነዚህን ምዕራፎች ይዘላል፤ መላእክቱና ግዙፋኑ ያሉባቸው ክፍሎች ይማርካሉ፣ ይሄኛው ግን ቁጥር በቁጥር ነው። እኔ በተቃራኒው እዚህ ነው የምቆየው። ድግግሞሹ አሰልቺ የሚሆነው እንደ ትረካ ካነበብከው ነው። እንደ ሰንጠረዥ ካነበብከው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ረድፍ ነው፣ ተመላላሹም ፈንክሽን ነው፦ ብርሃኗ በየቀኑ አንድ ክፍል ይጨምራል፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ክፍል ይቀንሳል። በቁምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች ይህን ክፍል ከግእዙ በሰፋ መልክ ይዘውታል። እዚያ ላይ ሌሊቱ በሰባተኛና በሰባተኛ ግማሽ ተከፍሎ፣ ጨረቃ በእያንዳንዱ ሌሊት ምን ያህሉን ጊዜ እንደምታበራ ተቆጥሯል። የሰባተኛ ግማሽ ማለት 1/14 ነው። የ12 ሰዓት ሌሊት ለ14 ሲካፈል 51 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይሆናል። ዛሬ የምናውቀው አማካይ ደግሞ 50 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ከክርስቶስ ልደት 200 ዓመት ያህል ቀድሞ በተገለበጠ ብራና ላይ የአንድ ደቂቃ ልዩነት! (ሁሉንም አላገኘውም፤ የፀሐይ ብርሃን የጨረቃን ሰባት እጥፍ ነው ይላል፣ እውነቱ አራት መቶ ሺሕ እጥፍ ገደማ ነው። ዓይን ለጊዜ እንጂ ለብርሃን መጠን ጥሩ መለኪያ አይደለም።)

ሃጋርድ መጽሐፉን ሲያሳትም ሄኖክ በእንግሊዝኛ ከተተረጎመ 64 ዓመት ሆኖት ነበር። ጄምስ ብሩስ የግእዙን ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ይዞ ከሄደ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ። ከሰሎሞን ጋር የተያያዘ አፍሪካዊ ጀብዱ ለመጻፍ የተነሳ ሰው ከአፍሪካ በመጣ መጽሐፍ ውስጥ ሰባ ስምንተኛውን ምዕራፍ ቢያነብ ኖሮ ግርዶሹን ባላሳተ ነበር።

የባሕረ ሐሳብ ተማሪም ባላሳተ ነበር። አበቅቴ የምትባለው ቁጥር የጨረቃን ዕድሜ የምትይዝ ናት፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ይሆናሉ፣ ከእነሱም ፋሲካ ይወጣል። እና እዚህ ላይ የእኛው ደራሲዎች የሚስቱባት አንዲት ሌሊት አለች። ፋሲካ ከሙሉ ጨረቃ ጋር የተያያዘ በዓል ስለሆነ የትንሣኤን ዋዜማ ሲጽፉ ሙሉ ጨረቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በላይ ይሰቅላሉ። ያምራል። ግን ቀመሩ የሚከተለው 19 ዓመት የሚፈጀው ዙር ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጋር በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን እየተለያየ መጥቷል፤ ዛሬ በስሌቱ ሙሉ የምትባለዋ ጨረቃ በሰማይ ከሞላች አራት አምስት ቀን ሆኗታል። በዚያ ላይ ቀጣዩ እሑድ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በእኛ ዘመን የቅዳሜ ሹር ምሽት ሁልጊዜ በጨለማ ነው የሚጀምረው። ጧፉ የሚያምረው አንድም ለዚህ ነው።

በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል፣ ለደራሲም ጥሩ ሀብት ነው። በ2013 ዓ.ም. ጨረቃ የሞላችው ሚያዝያ 19 ነበር፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 24 ዋለ፤ በዋዜማው ጎደል ያለች ጨረቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወጥታ የሌሊቱን አገልግሎት አጀበች። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ሲውል ከሙሉ ጨረቃ 11 ቀን አልፎ ነበር። በዚያ ሌሊት ጨረቃዋ የወጣችው ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ብዙው ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ዶሮውን ሲቀምስ ነው፤ ቀጭን፣ በጀርባዋ የተንጋለለች፣ ለፀሐይ መውጫ ሦስት ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ሲቀር። ውጭ ወጥቶ እጁን የታጠበ ሰው ካለ አይቷታል።